ሰባት ፈረስ ጉልበት፣ ስምንት ሜትር ጉድጓድ

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በጣና ዳር ሽንኩርትና ቃሪያ አለማለሁ። ውኃ የማገኘው በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነው። አምና ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ 2 ኢንች የቤንዚን ፓምፕ ነበረኝ። እስከ ጥር ጥሩ ሠራ። በየካቲት ውኃው ይቆራረጥ ጀመር፤ በመጋቢት ጭራሽ ቆመ። አቅም አንሶት ነው ብዬ ዘንድሮ ባለ 7 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ 3 ኢንች ገዛሁ። መሳቢያው ቱቦ የድሮው ባለ 2 ኢንች ነው፤ በማገናኛ ገጥሜዋለሁ። ሻጩ ‹ይሄ ከየትም ይስባል› ብሎኝ ነበር። እሱም መጋቢት ላይ እምቢ አለ። ትንሽ ውኃ ያመጣና ይቋረጣል፤ ከዚያ ሞተሩ እሪ ይላል። አንዱ መካኒክ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትቶ ‹ጠቁሯል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ይከፈት› አለኝ። ሌላው ‹ቶርክ የለውም፣ የናፍጣ ግዛ› ይላል። የሚገርመኝ ጎረቤቴ በ5.5 ፈረስ ጉልበት ብቻ ከሐይቁ 12 ሜትር ከፍ ያለ ማሳውን ያጠጣል። የእኔ ከ8 ሜትር ጉድጓድ ማውጣት አቃተው። ለመሆኑ ፈረስ ጉልበት፣ ቶርክ፣ ዙር የሚባሉት ምንና ምን ናቸው? ምንስ ልግዛ?»

ምላሽ፦ ሞተሩን አያስከፍቱ። የናፍጣም አይግዙ። በጻፉት ውስጥ ሞተሩ መበላሸቱን የሚያሳይ ምልክት አላየሁም። ችግሩ ያለው መሳቢያው ቱቦና ጉድጓዱ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ 7 ይሁን 70 ፈረስ ጉልበት ለውጥ አያመጣም።

ከፈረስ ጉልበት እንጀምር፤ ሻጮች የሚጮኹት እሱን ስለሆነ። ፈረስ ጉልበት አንድ ሥራ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ የሚለካ ቁጥር ነው። 75 ኪሎ በ1 ሰከንድ ውስጥ 1 ሜትር ከፍ ካደረጉ አንድ ፈረስ ጉልበት አወጡ ይባላል። በዋት ሲሰላ ወደ 735 ይሆናል። ያንኑ 75 ኪሎ በ10 ሰከንድ ቢያነሡት የተሠራው ሥራ ያው ነው፤ ፈረስ ጉልበቱ ግን አንድ አሥረኛ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 7ቱ ከባለ 5.5ቱ የሚበልጠው በተመሳሳይ ጊዜ ብዙ ውኃ በማድረስ፣ ወይም ያንኑ ውኃ ከፍ ወዳለ ቦታ በመግፋት ነው። «ከየትም ይስባል» የሚል ነገር በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም።

ቶርክ የሚሽከረከር ዘንግ የሚጠመዘዝበት ኃይል ነው። ዙር ደግሞ ዘንጉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። ሁለቱ ሲባዙ የሞተሩን አቅም ይሰጣሉ። ለምሳሌ 10 ኒውተን ሜትር ቶርክ ያለው ሞተር በደቂቃ 3,600 ጊዜ ሲዞር 3.8 ኪሎ ዋት ገደማ ያወጣል፤ ወደ 5 ፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ሦስት ሰው የጫነ ባጃጅ የቤዛዊትን ዳገት ሲወጣ ሾፌሩ ማርሽ የሚቀንሰው ለዚህ ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ቀስ ይላል፣ ዳገቱ ግን ይወጣል። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ ፍጥነት ከፍሎ ጎማው ላይ ቶርክ ገዛ። ማርሽም፣ ቺንጋና ፑሊም ከዚህ የተለየ ሥራ የላቸውም።

የእርስዎ ፓምፕ ግን ማርሽ የለውም። ውኃውን የሚወረውረው ክንፍ፣ ኢምፔለር የሚሉት፣ በቀጥታ ሞተሩ ዘንግ ላይ ተገጥሟል። ይህ ዓይነት ፓምፕ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ፈጣን ዙርና ወደ ክንፉ የሚደርስ ውኃ። ቶርክ ያነሰው ሞተር ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፤ ሸክም ሲመጣበት ድምፁ ይወፍራል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ ያንቃል፣ ይጠፋል። የእርስዎ ሞተር የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ውኃው ሲቋረጥ እሪ ይላል። እሪ የሚለው የሚገፋው ውኃ ስላጣ፣ ሸክሙ ስለወረደለት ነው። ይህችን ድምፅ ሰምቶ «ቶርክ የለውም» የሚል ባለሙያ ሌላ ነገር እያሰበ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ካንዴላው። እንደገና ፈትተው በጣትዎ ያሹት። ጣትዎ ላይ የቀረው ደረቅ ጥላሸት ከሆነ፣ እንደ ምጣድ ጥቀርሻ የሚበን፣ ሞተሩ ከአየሩ አንጻር ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው። እርጥብና ቅባት ያለው፣ ጣት ላይ የሚያዳልጥ ጥቁር ከሆነ፣ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ከወጣና የሞተር ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ከጎደለ ግን ያኔ ፋሻ መጠርጠር ያባት ነው። ገና ዘንድሮ የተገዛ ሞተር ላይ የመጀመሪያው የመሆኑ ዕድል በጣም ሰፊ ነው። ምክንያቱም የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። የጣና ውኃ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻ አገሮች ከሚያገኙት አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ግን ፋብሪካ ውስጥ የተስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ካንዴላው ይጠቁራል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ፤ አቧራ የጠጣ ማጣሪያም ይህንኑ ያደርጋል። ካልተሻለው ለከፍታ ቦታ የሚሆን ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ትንሽ ቁራጭ) ካርቡራተሩ ውስጥ ማስገባት ነው። ሞተር መክፈት ከዚህ በኋላ እንጂ ከዚህ በፊት አይመጣም።

ከፍታው ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። እንዲህ ያለ ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 ከመቶ ያህል አቅም ያጣል። በእኛ ከፍታ 18 ከመቶ ገደማ ይሄዳል። የእርስዎ 7 ከ6 በታች ነው፤ የጎረቤትዎ 5.5 ደግሞ 4.5 ያህል ነው። ይህ በሁሉም ላይ የሚደርስ ስለሆነ የእርስዎን ችግር አያብራራም፤ ግን ሲገዙ የሚያስቡት ነገር ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፓምፕ ውኃ አይስብም። ፓምፑ የሚያደርገው ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ብቻ ነው። ውኃውን ወደ ላይ የሚያወጣው ጉድጓዱ ውስጥ በውኃው ገጽ ላይ የተኛው አየር ነው፤ ከታች ይገፋዋል። አየሩ ደግሞ የተወሰነ ክብደት አለው። በባሕር ወለል ላይ ውኃን እስከ 10.3 ሜትር ያህል መግፋት ይችላል። በባሕር ዳር ከፍታ ግን 8.3 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። ቱቦው ውስጥ ምንም አየር እንዳይቀር አድርገው ቢያወጡት እንኳ ከዚያ በላይ አንድ ጣት አይጨምርም። የዓለም ትልቁን ሞተር ጉድጓዱ አፍ ላይ ቢያስቀምጡም ያው ነው።

8.3ም ቢሆን በወረቀት ላይ ነው። ግፊቱ በጣም ሲወርድ ውኃው ሳይሞቅ መትነን ይጀምራል፤ ለዚህ ሩብ ሜትር ይቀነሳል። ቱቦው ውስጥ ያለው ፍትጊያ፣ ማጣሪያው፣ ታችኛው ቫልቭ፣ እያንዳንዱ የቱቦ መታጠፊያ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ፓምፑም ውኃው ክንፉ አፍ ላይ ሲደርስ የተወሰነ ግፊት እንዲቀርለት ይፈልጋል፤ በዚህ መጠን ባሉ ፓምፖች 2 ወይም 3 ሜትር ነው። ይህ ሁሉ ሲቀነስ የሚተርፈው 5 ሜትር አካባቢ ነው። ከ5 እስከ 6 ባለው ውስጥ ፓምፑ እያቃሰተ ጥቂት ውኃ ይሰጣል። ጆሮዎን ወደ ፓምፑ አካል ቢያስጠጉ ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ይሰማሉ። ያ ድምፅ የእንፋሎት አረፋዎች ክንፉ ላይ ሲፈነዱ ነው፤ ክንፉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከ6 በላይ ግን ተስፋ አያድርጉ።

«ታዲያ ፓምፑ ላይ መሳብ 8 ሜትር ተብሎ ተጽፏል» ሊሉኝ ነው። ተጽፏል፤ ለባሕር ወለል። ከእሱ ላይ ለእኛ ከፍታ 2 ሜትር ይቀንሱ። የቀረው 6 ደግሞ ሁሉም ነገር አዲስና ጥብቅ ሲሆን ውኃው ጠብ የሚልበት ጫፍ ነው፤ የሚሠራበት አይደለም።

አምና እስከ ጥር የሠራው ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። ክረምቱ እንዳለፈ የጉድጓዱ ውኃ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ 3፣ 4 ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል። በጋው ሲገፋ ይወርዳል። የካቲት ላይ 5ን አለፈ፣ መጋቢት ላይ 7 እና 8 ደረሰ። ፓምፑ ምንም አልሆነም። ውኃው አየር ሊገፋው ከሚችለው በታች ወረደ።

ባለ 3 ኢንቹ ነገሩን አባባሰው። አፉ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ጉድጓድ ውስጥ 3 ሜትር ውኃ ቢኖር 5.3 ሜትር ኩብ ነው። በሰከንድ 10 ሊትር የሚያወጣ ፓምፕ ይህን ዘጠኝ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ያደርቀዋል። በሦስት ደቂቃ ብቻ ውኃው 1 ሜትር ይወርዳል። ሳይጀምሩ የለኩት 5 ሜትር ከነበረ ሻይ ሳይፈላ 6 ሆኗል። «ትንሽ ውኃ ያመጣና ይቋረጣል» ያሉት በትክክል ይህ ነው። ስለዚህ ሲለኩ ፓምፑ እየሠራ ሳለ ይለኩ። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ ይሰሩ፤ ውኃውን ሲነካ ከፓምፑ መግቢያ አፍ ትይዩ ቋጠሮ ያድርጉ። የሚቆጠረው ከመግቢያው አፍ እስከ ውኃው ገጽ ያለው ቀጥታ ቁመት ነው። ቱቦው ውኃው ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ መግባቱ አይቆጠርም።

የቱቦው ነገርም አለ። በ3 ኢንች መንገድ መሄድ የሚገባውን ውኃ በ2 ኢንች ሲያስኬዱት ፍትጊያው ከ7 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ቀድሞም የተረፈው ትንሽ ነበር፤ እሱንም ቱቦው በላው። ማገናኛው ደግሞ አየር ያስገባል። አየር ሲገባ ውኃ አይታይም፤ ወደ ውጭ ስለማይንጠባጠብ ሰው ልብ አይለውም። መጋጠሚያዎቹ ላይ ወፈር ያለ ግሪስ ቀብተው ይሞክሩ። ለውጥ ካመጣ ቀዳዳውን አገኙት። ከተቻለ ደግሞ መግቢያው ላይ የቫኪውም ጌጅ ያስገጥሙ፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ምን ያህል እንደወረደ በባር የሚያሳይ መለኪያ ነው። ውኃ ሳይመጣ ከ0.6 ባር በላይ ካሳየ ወይ ጥልቀቱ በዝቷል ወይ ማጣሪያው ተደፍኗል። 0.1 ወይም 0.2 ላይ ከቆመ አየር እየገባ ነው። መካኒኮቻችን ሞተር ከመክፈታቸው በፊት ይህችን ትንሽ ዕቃ ቢይዙ ስንት ገንዘብ በተረፈ።

ጎረቤትዎ ያደረገው ብልህነት ፓምፑን ሐይቁ ዳር ማስቀመጡ ነው። ፓምፑ ከውኃው 1 ወይም 2 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ቀሪውን ይገፋል። ሲገፋ የአየር ክብደት አይገድበውም። እዚያ ላይ ነው ፈረስ ጉልበት ዋጋ የሚያገኘው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሰከንድ የሚወጣውን ሊትር በሜትር ከፍታ አባዝተው ለ75 ያካፍሉ። በሰከንድ 8 ሊትር፣ ለ12 ሜትር ከፍታ፣ ለቱቦው ፍትጊያ 4 ሜትር ጨምረን 16 ብንል፣ 1.7 ፈረስ ጉልበት ይመጣል። ፓምፑ ግማሹን ያባክናል እንበል፤ 3.4 ሆነ። የጎረቤትዎ ሞተር በዚህ ከፍታ 4.5 አለው፤ ይበቃዋል። የእርስዎ ሥራ ደግሞ በሰከንድ 10 ሊትር ለ10 ሜትር ቢሆን ከብክነቱ ጋር 2.7 ያህል ነው፤ ያለዎት 6 ገደማ። አቅም ተርፎዎታል። (ይኸው ስሌት ወደ ኋላ ሲሄድ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ጣና በለስ ላይ የሐይቁ ውኃ ከ300 ሜትር በላይ ወርዶ ተርባይን ስለሚመታ ነው 460 ሜጋ ዋት የተተከለው። ብዙ ውኃ፣ ብዙ ከፍታ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።)

«እንግዲያው እኔም ፓምፑን ወደ ጉድጓዱ ላውርደው» እንዳይሉኝ። ይህን በጥብቅ ነው የምለው። የቤንዚንም የናፍጣም ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይወርድም። ጎን ተቆፍሮ በተሠራ ጉርጓድ ውስጥም አይቀመጥም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። አየር የማይዘዋወርበት ቦታ ይጠራቀምና ሰውን በደቂቃዎች ይጥላል። የወደቀውን ሊያወጣ የሚገባው ሁለተኛ ሰውም አብሮ ይቀራል። ሞተሩ ጠፍቶም ቢሆን ጋዙ ታች ሊቆይ ይችላል። ነፋስ በሚገባበት የወንዝ ዳርቻ ላይ እርከን ሠርቶ ዝቅ ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይቻላል። ጉድጓድ ግን አይሆንም።

ሁለት ፓምፕ አንዱን ከሌላው ማያያዝም ሰዎች ይሞክራሉ። ለመግፋት ይጠቅማል፤ ለመሳብ ምንም አይጨምርም። የናፍጣው ሞተር በዝቅተኛ ዙር ጥሩ ቶርክ አለው፣ ለወፍጮ ግሩም ነው፤ የአየሩን ክብደት ግን አይለውጥም። ከገዙት የማይሠራ ውድ ፓምፕ ይኖርዎታል። ውኃ ወደ ታች መልሶ ረጭቶ የሚያነሣ ጄት ፓምፕ የሚባል አለ። ከ8 ሜትር ያወጣል፤ ግን ብዙ ጉልበት በልቶ ትንሽ ውኃ ይሰጣል፤ ለማሳ አልመክረውም።

የሚቀረው ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው፤ ሰመርሲብል የሚሉት። ራሱ ውኃው ውስጥ ስላለ መሳብ የሚባል ነገር የለውም፤ ከታች ይገፋል። የእኔ ምክር ይኼ ነው፣ አነስተኛውን ይግዙ፣ መብራት በአቅራቢያዎ ከሌለ በሶላር። መጠኑን የሚወስነው ጉድጓዱ ነው። አንድ ጠዋት በባለ 3 ኢንቹ ፓምፕ ውኃው እስኪቋረጥ ዝቅ ያድርጉትና ያጥፉት። ከዚያ በገመዱ በየ10 ደቂቃው ይለኩ። አፉ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ 177 ሊትር ተመልሷል ማለት ነው። በሰዓት 2 ሜትር ከተመለሰ ጉድጓድዎ በሰከንድ 1 ሊትር ያህል ይሰጣል። ፓምፑ ከዚያ መብለጥ የለበትም። ይህን የሚለኩት መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ ይሁን፤ በጥቅምት የተለካ ቁጥር ያታልላል።

1 ሊትር በሰከንድ ሲባል ትንሽ ይመስላል። በቀን 6 ሰዓት ፀሐይ ከሠራ ግን 21,600 ሊትር ነው። ለሽንኩርት በደረቅ ወቅት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ብንይዝና ቦይ ላይ የሚባክነውንም ብንቀንስ ሩብ ሄክታር ያጠጣል፤ ተርፎም ይጨምራል። ለዚህ ከ14 ሜትር ጥልቀት እንኳ ለማውጣት የሚያስፈልገው ከነብክነቱ ግማሽ ፈረስ ጉልበት አይሞላም። ጉድጓዱ ሰከንዱን ግማሽ ሊትር ብቻ ከሰጠ ደግሞ ማሳውን ይቀንሱ ወይም ጉድጓዱን ያስጠልቁ። ፓምፕ የሌለ ውኃ አይፈጥርም።

ባለ 7ቱን አይሽጡት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ውኃው 4 ሜትር አካባቢ ሳለ ይሠራል፤ ባለ 3 ኢንች፣ ሽቦ ያለው የማይጨማደድ መሳቢያ ቱቦ ግን ይግዙለት። ቤንዚኑንም ሙሉ አይክፈቱት። ዙሩ ከ3,600 ወደ 3,000 ሲወርድ የሚገፋበት ከፍታ ወደ 70 ከመቶ ዝቅ ይላል፣ የሚፈልገው አቅም ግን ወደ 58 ከመቶ ነው የሚወርደው። ጥልቀቱ ትንሽ ሲሆን ይህ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጉድጓዱንም ቶሎ አያደርቀውም። ውኃ ሲቋረጥ ወዲያው ያጥፉት። ዘንጉ ጋ ውኃ እንዳያልፍ የሚያሽገው ማሸጊያ («ሲል» የሚሉት) የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውኃ ነው፤ በደረቁ ሲሠራ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ይቃጠላል። ከጎረቤትዎ ጋር ተስማምተው ፓምፑን ሐይቁ ዳር ካዋሉት ደግሞ ማጣሪያውን በሰፊ ቅርጫት ወይም በወንፊት ይክበቡት፤ እምቦጭ አንዴ ከገባበት ውኃው እንደገና ይቆራረጥብዎታል።

ሰመርሲብሉን ሊገዙ ሲሄዱ ሻጩ ፈረስ ጉልበቱን ሲነግርዎ ይለፉት። «በ12 ሜትር ከፍታ በሰዓት ስንት ሊትር ይሰጣል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከዕቃው ጋር በሚመጣው ሰንጠረዥ ላይ አለ። ሰንጠረዡን ሊያሳይዎ ካልቻለ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።